ጎማው ከውስጥ በኩል ከተቆረጠ ቀና ብላችሁ ሞላውን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ጎማ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚወቀሰው መንገዱ ነው። ጉድጓዱ፣ ክዳኑ የጠፋው የፍሳሽ ቱቦ፣ ከግንባታ ቦታ የተረፈው ሚስማር። ወቀሳው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ቁስሉ መሬት በሚነካው የጎማው ፊት ላይ ከሆነ ክርክር የለውም። በውጭ በኩል ከሆነም እንደዚያው። ቁስሉ በውስጠኛው ጎን፣ ወደ ሞተሩ በሚያየው በኩል ከሆነ ግን ሌላ ተጠርጣሪ አለ። እሱም ከጎማው ከፍ ብሎ የተቀመጠው የፊት ሞላ፣ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ጥቅል ብረት ነው።

ሞላ ይሰበራል። ይህን የማያውቅ ባለመኪና ብዙ ነው። ሾክ (የሞላውን መወዛወዝ የሚገታው) እንደሚያልቅ፣ ቴስቲና (የመሪው መገጣጠሚያ) እንደሚላላ፣ ጎሚኒ (በብረቶቹ መካከል ያለው ላስቲክ) እንደሚበላ ሁሉም ሰምቷል። ሞላ ግን ወፍራም ብረት ስለሆነ መኪናው እስኪያረጅ ድረስ የሚኖር ይመስላል። ሲሰበርም መኪናው አይቆምም። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

የባለመኪኖቹ ታሪክ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። ቪትዝ የምትነዳ አንዲት የማውቃት ሴት ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ፒያሳ ስትወጣ የፊት ግራ ጎማዋ ተነፈሰ። መንገድ ዳር የነበረው ጎሚስታ አውልቆ አየውና «እናት፣ ይሄማ አይለጠፍም። ጎኑ ነው የተቆረጠው» አላት። አዲስ ጎማ ገዛች። ብዙም ሳትቆይ አዲሱም በዚያው ጎን ተቆረጠ። ጥርጣሬዋ ጎማው ላይ አረፈ። «ፎርጅድ ነው የሸጣችሁልኝ» ብላ ሱቁ ድረስ ሄዳ ተጨቃጨቀች። ሻጩ ደግሞ መንገዱን ወቀሰ። ጎሚስታውም፣ ሻጩም፣ እሷም እጃቸውን ወደ ላይ ሰደው ሞላውን አልዳሰሱም። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ተሰብሮ የተንጠለጠለ አንድ የሞላ ቀለበት እንደሆነ የታወቀው ሁለተኛው ጎማ ከተጣለ በኋላ ነው።

የራይድ ሥራ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ደግሞ ነገሩን ያወቀው በድምፅ ነው። ቆሞ መሪ ሲጠመዝዝ ከፊት በኩል «ድንግ» ይላል። ሲነዳ ደግሞ ዝም። ሜካኒኩ ቴስቲና ነው አለው፤ ተቀየረ። ድምፁ አልጠፋም። ሊንክ ነው ተባለ፤ እሱም ተቀየረ። ሌላ ሜካኒክ ጋ ሲሄድ ሰውዬው ምንም ሳይፈታ በፊት በሞላው መቀመጫ ላይ የተከመረውን ጭቃ በብሩሽ ጠረገ። ታችኛው ቀለበት ግማሹ የለም። ጎማው ገና አልተቆረጠም ነበር፤ ውስጠኛው ጎኑ ላይ ግን ቀጭን የሚያብለጨልጭ መስመር ዙሪያውን ሄዶበታል። ይህ ሰው ዕድለኛ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የፊት እግሩን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን ክፍል፣ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በከተማችን በብዛት የምናያቸው የቤት መኪኖች፣ ቪትዝም ያሪስም ኮሮላም ሱዙኪ ዲዛየርም፣ ፊታቸው ማክፈርሰን በሚባለው መንገድ የተሠራ ነው። በዚህ አሠራር ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ናቸው። ሾኩ መሀል ይቆማል፣ ሞላው ይከብበዋል። ሞላው ከታች የሚያርፈው ሾኩ ላይ በተበየደ ሳህን መሰል መቀመጫ ላይ ነው። ይህ መቀመጫ ከጎማው አናት ትንሽ ከፍ ብሎ ወይም ከጎኑ ተጠግቶ ይገኛል። በአንዳንድ መኪኖች በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥም።

ሞላ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ከመሀሉ ለሁለት አይከፈልም። የሚሰበረው ጫፉ ነው፤ በተለይ ታችኛው ቀለበት። ግማሽ ዙር ወይም አንድ ዙር ያህል ተቆርሶ ወይ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ወይ እዚያው መቀመጫው ላይ ይቀራል። የተረፈው ሞላ ዝቅ ብሎ እንደገና ይቀመጣል። መኪናው በዚያ በኩል አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ይወርዳል። ሹፌሩ ይህን በዓይኑ አይለየውም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው መቀመጫው ነው። ሰፊና ጥልቅ ከሆነ ሞላው እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ጉዳቱ ድምፅና ያልተስተካከለ የጎማ መበላት ብቻ ይሆናል። መቀመጫው ጠባብ ከሆነ ወይም በዝገት ከተበላ ግን የተሰበረው ጫፍ ሾልኮ ይወጣል። የሚወጣውም ወደ ጎማው ነው። የተሰበረ ሞላ ጫፍ ስለታም ነው፤ ከበላዩ ደግሞ የመኪናው ክብደት ይጫነዋል። ጎማው በዞረ ቁጥር በዚህ ጫፍ ይፋቃል። አንዳንዴ ቀስ በቀስ ነው። አንዳንዴ ደግሞ መኪናው ከብሬከር ላይ ሲወርድ በአንድ ምት ያልቃል።

የጎማ ጎን ይህን አይችልም። በተለመደው የቤት መኪና ጎማ ውስጥ የብረት ሽቦው ያለው መሬት ከሚነካው ፊት ሥርና ቸርኬውን በሚይዘው ጠርዝ ላይ ነው። ጎኑ ክርና ላስቲክ ብቻ ነው። መኪናው በሄደ ቁጥርም ይተጣጠፋል። ስለዚህ ጎሚስታው «ጎን አይለጠፍም» ሲል ገንዘብ ሊያስወጣችሁ ፈልጎ አይደለም። ልክ ነው።

መሀል ከተማ ውስጥ ፍጥነት የለም። ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በሥራ መውጫ ሰዓት የሚሄድ ሰው ጎማው ቢፈነዳ ዳር ይዞ ይቆማል፤ ይሳደባል፣ ክሪክ ይፈልጋል። ይኸው ነው። ያው መኪና ቅዳሜና እሁድ ሰው ጭኖ ወደ አዳማ ሲወርድ ነገሩ ይለወጣል። የክፍያ መንገዱ ላይ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይነዳል። በዚያ ፍጥነት የፊት ጎማ በድንገት ሲፈነዳ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሳምንቱን ሙሉ በከተማ የተፋቀ ጎማ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ለምን ይሰበራል? የሞላ ብረት በጣም ጠንካራና ነጣሪ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በአብዛኛው ሲሊከንና ክሮምየም ይገባበታል። በየጉድጓዱ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ሽቦው ይጠመዘዛል። ይህን በሚሊዮን ጊዜ እንዲችል ነው የተሠራው። የሚችለው ግን ቆዳው ደህና እስከሆነ ድረስ ነው። ከላዩ የተቀባው ቀለም ለውበት አይደለም፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። ጠጠር ሲመታው ወይም አሸዋ ሲፈትገው ቀለሙ ይላጣል። የተላጠው ቦታ ይዝጋል፣ ዝገቱ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፣ ከዚያች ጉድጓድ ስንጥቅ ይጀምራል። ሽቦን ወዲህና ወዲያ ደጋግማችሁ ስታጥፉት ደክሞ እንደሚቆረጠው፣ ሞላውም ስንጥቁ ላይ ቀስ እያለ ይደክማል። የሚሰበርበት ቀን ግን ትልቅ ጉድጓድ የገባበት ቀን ላይሆን ይችላል። ሌሊት ቆሞ ያደረ መኪና ሞላ ጠዋት ተሰብሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ታችኛው ቀለበት ለምን ቀድሞ እንደሚሄድ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ጭቃና አሸዋ የሚጠራቀመው መቀመጫው ላይ ነው። እርጥበትም እዚያው ይቆያል። ሞላው ከመቀመጫው ጋር የሚፋተገውም እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን ሥራ በደንብ ይሠራዋል። መኪና አጣቢዎቻችን ደግሞ ኮፈኑንና በሩን እስኪያብረቀርቅ ያጥባሉ፤ የጎማውን ጀርባ ግን አይነኩትም። በክረምት አንድ ሁለቴ እዚያ ውስጥ ውኃ በደንብ ማስረጨት ምንም ወጪ የለውም።

የብዙዎቹ መኪኖቻችን ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ ሌላ አገር ነው። ገዢው «የአውሮፓ ስታንዳርድ» ሲባል ደስ ይለዋል። ብዙ ነገሩ እውነትም ጥሩ ነው። ነገር ግን በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ከመኪና ሥር ከሚገባባቸው ቦታዎች አንዱ የፊት እግር ነው። እንግሊዝ አገር በዓመታዊ ምርመራ ላይ የተሰበረ ሞላ የተለመደ የመውደቂያ ምክንያት ነው። አሜሪካም ፎርድን የመሳሰሉ አምራቾች የፊት ሞላ በዝገት ተሰብሮ ጎማ ሊቆርጥ ይችላል በሚል መኪኖችን ለጥገና የጠሩበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ተሸጦ እዚህ ሲደርስ ዝገቱም አብሮት ይመጣል። የአምራቹ ጥሪ ግን አብሮት አይመጣም። ጥሪው የሚላከው መኪናው በተመዘገበበት አገር ላለው ባለቤት ነው። ሊብሬ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ብዙ አምራቾች ድረ ገጻቸው ላይ አስገብተው እንዲታይ ይፈቅዳሉ። ይህን የሚሞክር ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ከዱባይ የሚመጣው መኪና የመንገድ ጨው የለበትም፤ ሙቀቱ ግን ጎሚኒውን ያደርቀዋል። ጎሚኒው ሲደርቅና ሾኩ ሲያልቅ ሞላውን የሚገታው ስለሌለ ከልኩ በላይ ይወዛወዛል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለሞላ ሲባል የዱባዩን እመርጣለሁ። ለሌላው ነገር አልማልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የእኛው መንገድ አለ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቦሌና በሜክሲኮ መስመር ዋና ዋናዎቹን መንገዶች አለስልሷቸዋል። ይህ ለመኪና ደግ ነው። ግን ለስላሳ አስፋልት ላይ የታመመ እግር አያቃስትም። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ በዋናው መንገድ ተመላልሶ «መኪናዬ ሰላም ነው» ይላል። ማታ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ኮብልስቶኑ ይጠብቀዋል። ኮብልስቶን እንደ ትልቅ ጉድጓድ በአንዴ አይመታም፤ ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጣል። ከዚያ በየአጥሩ ደጃፍ ሰፈርተኛ ተዋጥቶ ያሠራቸው ብሬከሮች አሉ። ከፍታቸውን ማንም አልለካውም። አራት ሰው የጫነ ትንሽ መኪና እነሱን ሲያልፍ ሞላው እስከ መጨረሻው ይጨመቃል።

ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል፤ መኪናውን ከፍ ማስደረግ። በሞላው ቀለበቶች መካከል ወፍራም ላስቲክ ይገባል። መኪናው ይነሳል፣ ሆዱም ብሬከር አይነካም። ሜካኒኩም ባለቤቱም ደስ ይላቸዋል። ላስቲኩ የያዛቸው ቀለበቶች ግን መሥራት ያቆማሉ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የሚያስፈልገውን መጨመቅ የቀሩት ቀለበቶች ይሸከሙታል። ከታሰበላቸው በላይ ይጠመዘዛሉ። ላስቲኩ ሥርም ጭቃ ይታሰራል። እኔ ይህን ሥራ አልወደውም። መኪናው ዝቅ ካለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ለምን ዝቅ አለ የሚለው ነው፤ አንዳንዴ መልሱ ሞላው ተሰብሯል ነው። ላስቲክ ሲገባበት ስብራቱ ይደበቃል።

ሁሉም መኪና ግን እኩል ስጋት የለበትም። ድሮ ከተማውን ሞልተውት የነበሩት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች የፊት ሞላቸው በሁለት ክንዶች መካከል ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። ቢሰበርም ጎማውን በቀላሉ አያገኘውም። የታክሲ ሚኒባስ የሆነው ሃይኤስ ደግሞ ፊቱ ላይ ጥቅል ሞላ የለውም፤ የሚሸከመው ቀጥ ያለ የሚጠመዘዝ ዘንግ ነው፣ ኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም የተነባበረ ጠፍጣፋ ብረት ነው። አይሱዙውም በባሌስትራ ነው የሚኖረው። እነዚህን ሲነዳና ሲጠግን የኖረ ትልቅ ሜካኒክ «በሃያ ዓመት ሥራዬ ሞላ ጎማ ሲቆርጥ አላየሁም» ቢል አይዋሽም። የሚያውቃቸው መኪኖች እንዲህ አያደርጉም። ከተማው ግን አሁን በማክፈርሰን ነው የሚሄደው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሞላ ጎማ የሚቆርጠው በድንገት ነው ቢባልም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን የሚያየው ሰው ግን ሥራው አይደለም። እኛ ጋ ጎማ የጎሚስታ ነው፣ እግር የሜካኒክ ነው፣ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ጎሚስታው ጎማውን አውልቆ ውስጠኛውን ጎን ያያል፤ ዙሪያውን የሄደውን ፍቀት ያያል። ከዚያ ጎማውን ይቀይርና ይሸኛችኋል። መኪናው ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማው ወልቆ፣ ሞላው ፊት ለፊቱ ተገልጦ እያለ። ሜካኒኩ ጋ ስትሄዱ ደግሞ የተቆረጠው ጎማ ተጥሏል። ማስረጃው የለም። ድምፁን ብቻ ትነግሩታላችሁ፤ እሱም ከለመደው ይጀምራል፤ ቴስቲና፣ ሊንክ፣ ጎሚኒ። አላይመንት የሚሠራው ልጅ ማሽኑ ላይ መኪናው በአንድ በኩል ዝቅ ማለቱን ቢያይም ቁጥሩን አስተካክሎ ይሰጣችኋል። ሦስቱም ሥራቸውን ሠርተዋል። ማንም አልዋሸም። መሀል ላይ ግን አንድ ጎማ ወይም ሁለት ጎማ ተከፍሏል።

ስለዚህ በእኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ትልቁ ሰው ጎሚስታው ነው። የተቆረጠ የፊት ጎማ ያወለቀ ጎሚስታ አዲሱን ከመግጠሙ በፊት የስልኩን መብራት ወደ ላይ ቢያበራ ብዙ ሰው ይተርፋል። እሱ ባያደርገው ባለቤቱ ያድርገው። ቁስሉ ራሱ ይናገራል። ጉድጓድ የመታው ጎማ ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያብጣል፣ ወይም በአንድ ቦታ ተጨፍልቆ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜ ቸርኬውም አብሮ ይጎብጣል። ሞላ የነካው ጎማ ግን ዙሪያውን የሄደ መስመር አለው፤ በአንድ ቦታ ቢቀደድም መስመሩ ቀድሞ ይታያል። ይህን መስመር ሌላም ነገር ሊሠራው ይችላል። ከልኩ የሰፋ ጎማ የተገጠመለት መኪና፣ የጎበጠ ሾክ፣ የላላ የፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚከልለው ቆርቆሮ) ላስቲክ። ሁሉም ግን የሚታዩት እዚያው ቦታ ነው።

ጎማ ሳይወልቅም ማየት ይቻላል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሩ። ከጎማው ጀርባ ስልክ አስገብታችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በሌላው በኩል ድገሙት። ሁለቱ ሞላዎች ታች የሚያልቁበት ቦታ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ከፋብሪካ የመጣ ጫፍ ለስላሳና ቀለም ያለው ነው። የተሰበረ ጫፍ ሻካራ ነው፣ ወይ ያብለጨልጫል ወይ ዝጓል። አንዳንድ ሜካኒክ «የሞላ ጫፍ እንዲህ ነው የሚመጣው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የሌላኛውን ወገን ፎቶ አሳዩት። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሁለቱም በኩል በሜትር ለኩ። ጭነቱ እኩል ሆኖ ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲሜትር ካለፈ ምክንያቱን ፈልጉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ግን አትግቡ።

ተሰብሮ ከተገኘ ደግሞ ገበያው ይጀምራል። የአዲስ አበባ ሰው እግሩ የሚያመራው ሱማሌ ተራ ነው። እዚያ ከሌላ መኪና የተፈታ ሞላ ይገኛል፤ ዋጋውም ከአዲሱ በጣም ይቀንሳል። ሰው ለምን እንደሚገዛ ይገባኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ የምታውቁት ነው። ግን ያገለገለ ሞላ ምን ያህል እንደደከመ በዓይን አይታይም። ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሞላዎች አንዱ ብዙ ዓመት ሊሄድ፣ ሌላው በወሩ ሊሰበር ይችላል። ከተፈታ ዕቃ ውስጥ በር፣ መስታወት፣ መብራት እገዛለሁ። ሞላ አልገዛም። ሌላ አማራጭ ያጣ ሰው ቢያንስ ቀለሙ ያልተላጠ፣ ታችኛው ቀለበቱ ላይ ጉድጓድ የሌለው ይምረጥ።

አዲስ ሲገዛም «የቪትዝ ሞላ» ማለት አይበቃም። አንድ ዓይነት መኪና እንደ ሞተሩና እንደ ካምቢዮው የተለያየ ሞላ ሊኖረው ይችላል። ሞላው ላይ የተቀቡት ትንንሽ የቀለም ምልክቶች፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ዝም ብለው የተቀቡ አይደሉም፤ ጥንካሬውን ይለያሉ። ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ ቁመቱን አስተያይቶ ነው የሚሰጠው። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይሻላል። ሞላ ደግሞ በጥንድ ነው የሚቀየረው። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ያዘነብላል፤ በዚያ ላይ ያልተሰበረውም ያው ዕድሜ፣ ያው ዝገት ነው ያለው። የተሰበረ ሞላ ማስበየድ ግን ጭራሽ አይታሰብም። የብየዳው እሳት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰበራል።

ሥራውንም ለማንም መስጠት አይገባም። ሞላ ከሾኩ ለመለየት ተጨምቆ ነው የሚፈታው። የተጨመቀ ሞላ ከመያዣው ካመለጠ ሰው ይገድላል። በሽቦ አስሮ የሚፈታ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ትክክለኛ መጨመቂያ ያለው ጋራዥ ሲፈታው የላይኛውን ጎሚኒና የሾኩን አቧራ መከላከያም አብሮ ያያል። ሲጨርስ አላይመንት ይሠራል። ጎማው ላይ ክሩ ከታየ፣ ባይተነፍስም ይቀየር።

ኢንሹራንስ እዚህ ብዙ አይረዳም። በተለመደው ውል በእርጅና የመጣ ብልሽት አይካስም፣ ጎማ ብቻውን ሲጎዳም እንደዚያው። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ዋስትና አይሆንም። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የታችኛው ቀለበት ስብራት ፍሬንና መብራት ሲታይ በቀላሉ ያመልጣል፤ ከምርመራው ማግሥት የሚሰበረውን ደግሞ ማንም አያየውም።

ችግሩ ወደፊት የሚቀንስ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ለአካባቢና ለውጭ ምንዛሬ የተባለው ምክንያት ይኑረው። ውጤቱ ግን ቪትዙና ኮሮላው ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ማርጀታቸው ነው። ሞላቸውም አብሮ ያረጃል።

በአንጻሩ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ አዲስ ናቸው። ግን ከባድ ናቸው። ያሪስ አንድ ቶን ገደማ ሲመዝን ትልቅ ባትሪ ያለው የቮልስዋገኑ አይዲ 4 ከ2 ቶን ያልፋል። ሞላው ለዚያ ክብደት ተሰልቶ ነው የተሠራው፤ ለኮብልስቶናችንና ለሰፈር ብሬከር ይሰላ አይሰላ በጊዜው ይታያል። የሚያሳስበው ዕቃው ነው። ለእነዚህ መኪኖች ሱማሌ ተራ እንደ ቪትዝ የተቆለለ ነገር የለም። ለኮሮላ የተሠራ ሞላ አጥሮ ወይም ተቆርጦ አይገጠምላቸውም። ሞላ የተሰበረበት ሰው ከቻይና ወይም ከዱባይ እስኪመጣለት መኪናውን ያቆማል። አስመጪው የፊት ሞላና ሾክ በመጋዘኑ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ያለበት ገዢው ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ነው።